ወለዱን ከመጠየቄ በፊት ቀኑን እጠይቃለሁ

ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዚያ ውጭ የአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። የራሴን ገንዘብ ለመንግሥትና ለባንክ አበድራለሁ፤ የአባላቱን ገንዘብ ደግሞ መልሰን ለአባላቱ እናበድራለን። ቦንድም ብድር ነው። ወረቀቱ አምሮ ስለታተመ ሌላ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ገንዘቤን ሰጥቼ ቀን እየቆጠርኩ መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ቦንዴ የሕዳሴው ግድብ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል፣ እንደ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ እኔም ከደመወዜ እየተቆረጠ ገዛሁ። ዓባይ ዙሪያውን ለሚከበው ለጎጃም ሰው ያ ቦንድ የትርፍ ጉዳይ አልነበረም። ትርፍ ብፈልግ በግ ገዝቼ አደልብ ነበር። ግን ጥሩ ትምህርት ሰጠኝ፤ የሰጠሁት ብር ሳይጎድል ተመለሰልኝ፣ የሚገዛው ዕቃ ግን ያው አልነበረም።

ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107 ብር ይዞ፣ 130 ብር የገባ ዕቃ ፊት ይቆማል። ባንኩ ቃሉን ጠብቋል፤ ገንዘቡም አልጠፋም። ቃሉን ጠብቆ የሚከፍል ተበዳሪም ሊያከስር ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ገንዘቡ የሚታሰርበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጉዳቱም ይከማቻል።

ብድርን በደንብ የተማርኩት ግን ኮሚቴው ውስጥ ነው። አንዲት የአማኑኤል ከተማ ጤፍ ነጋዴ ብድር ሊጠይቁ መጡ። እኛም እንደ ደንቡ በየወሩ የሚከፈል ውል አዘጋጀን።

«እትዬ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢከፍሉ አይሻልም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መጋቢት ላይ ምን ሸጬ ልክፈል? ጤፉን የምገዛው ጥር ላይ ነው፣ አውድማ ወጥቶ ሲረክስ። የምሸጠው ክረምት ሲገባ ነው። ሐምሌ ላይ ና፣ ዓይኔን ሳላሽ እከፍልሃለሁ።»

ትክክል ነበሩ። ወለዱን በየወሩ፣ ዋናውን ሐምሌ ላይ አደረግነው፤ ከፈሉም። ገበሬው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ ይበደራል፣ ጥር ላይ እህሉን ሸጦ ይመልሳል። የገበሬው ክፍያ ጥር ላይ ሲገባ ለነጋዴው ብድር በደንብ ይደርሳል። የነጋዴው ክፍያ ግን ሐምሌ ስለሚገባ ለማዳበሪያው አይደርስም። ግንቦት ላይ ካዝናችን ይደርቃል። ሁሉም ተበዳሪ ጨዋ ሆኖ፣ ሁሉም በቀኑ እየከፈለ፣ እኛ ብር የለንም! ትልልቅ ባንኮችም የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ የአጭር ጊዜ ገንዘብ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ያበድራሉ።

መላው ቀላል ሆነ። ከማኅበሩ ገንዘብ የተወሰነውን ባንክ በጊዜ ገደብ እናስቀምጣለን፣ ቀኑ ግንቦት መግቢያ ላይ እንዲሞላ አድርገን። ወለዱ ለአባል ብናበድረው ከምናገኘው ያንሳል። በየስብሰባው «ይህ ብር ለምን ተኝቶ ይከርማል?» የሚል አይጠፋም። ግንቦት ሲመጣ ግን የሚጠይቅ የለም።

ሌላው ጉዳይ ዋስ ነው። መንገድ የተዘጋ ጊዜ የጤፍ ጭነት አዲስ አበባ አልደርስ አለ። አንድ ተበዳሪያችን ነጋዴ መክፈል አቃተው። ዋሱን ጠራን፤ እሱም ያው ጤፍ ነጋዴ ነው። የሁለቱንም ጤፍ የሚጭነው ባለ አይሱዙም የእኛው ተበዳሪ ነበር። በወረቀት ላይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አደጋው ግን አንድ ነው። ዛሬ ነጋዴ ሲበደር ዋሱ ደመወዝተኛ ወይም የቤት ኪራይ ያለው ሰው እንዲሆን እንጠይቃለን። ብዙ ቦንድ ያላቸው ሰዎችም ይህን ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። የአምስት ድርጅት ቦንድ ይዞ አምስቱም ከአንድ መንግሥት ወይም ከአንድ ሰብል የሚኖሩ ከሆነ፣ አበዳሪው የተማመነው በአንድ ተበዳሪ ነው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ሲጥል፣ ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በዛ። እዚህ ላይ ዕድሉም አደጋውም አብረው ገቡ። ባንክ ቢኖረው የሚያበድረው ጥሩ ነጋዴ መጣ፤ ባንክ ድሮም የማያበድረው ሰውም አብሮት ተሰለፈ። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፣ «ባንክ ብድር ዘጋ»። እኔ የማምነው የዕቁብ ዳኛን ነው። ዕቁቡ ቀድሞ የደረሰው ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይጥል ነበር? የሰኞውን ሰኞ፣ ወይስ እስኪለመን? ከንግድ ፈቃድና ከካርታ ይልቅ ይህ ብዙ ይነግረኛል።

መንግሥትስ? መንግሥት ተበዳሪ ሲሆን አይከስርም የሚል ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ቦንድ፣ ሸጠች፤ ለአሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። በብር ቢሆን መንግሥት መላ አያጣም፤ ዶላር ግን ማተም አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በዶላር ላበደረው ሰው አደጋው አለመከፈል ነው፣ በብር ላበደረው የብሩ መርከስ ነው። የሚከፈለኝ ወለድ የየትኛው አደጋ ዋጋ እንደሆነ ካላወቅሁ ባልገዛ ይሻለኛል።

አሁን በር እየተከፈተ ነው። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድም በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን ለጨረታ ይቀርባል። አሠራሩ በቅናሽ መግዛት ነው። ለምሳሌ የ364 ቀኑን 870 ብር የገዛ ሰው በማብቂያው 1,000 ብር ቢያገኝ፣ ወለዱ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል።

ሰው የሚደናገረው የረጅም ጊዜ ቦንድ ዋጋ ላይ ነው። በዓመት 100 ብር ወለድ የሚከፍል የ1,000 ብር ቦንድ ይዣለሁ እንበል። በማግስቱ አዲስ ቦንድ በ15 በመቶ ወጣ። የእኔን በሙሉ ዋጋ ማን ይገዛኛል? አንድ ዓመት የቀረው ከሆነ ተገቢ ዋጋው 956 ብር አካባቢ ነው። አምስት ዓመት ከቀረው ግን ወደ 832 ይወርዳል። ቀኑ እስኪደርስ ለሚጠብቅ ሰው ሙሉው 1,000 አለለት፤ መሀል ላይ ብር የቸገረው ነው የሚጎዳው። በሌላ በኩል ወለድ ሲወርድ ዋጋው ይወጣል። ዕድሉ እዚያ ጋ ነው፣ በተለይ ገበያው ተስፋ ቆርጦ ሲሸጥ ገንዘቡ ሳይታሰር ለተገኘ ሰው።

የራሴን አሁን እንዲህ ይዤዋለሁ። የጊዜ ገደብ ተቀማጬን ከፋፍዬ በተለያየ ወር እንዲሞላ አድርጌዋለሁ፤ ወለድ ቢጨምር በቅርቡ የሚፈታ አለኝ፣ ቢቀንስም የታሰረ አለኝ። ባንኬም አንድ ብቻ አይደለም፣ ባንክ ቢከስር ለአስቀማጩ የሚከፍለው የተቀማጭ ገንዘብ መድን በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ነውና። ለክረምቱ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚሆነውን ብር ማንኛውም ቦንድ ውስጥ አላስገባም፣ ወለዱ ቢያማልልም። የግምጃ ቤት ሰነዱን በ91 ቀኑ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ባለቤቴ የ364ቱን ትላለች፣ ወለዱ ይሻላል ብላ። ገና እየተከራከርን ነው።