የበሬ ጎድን በኦቭን፦ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ

የበሬ ጎድን ስሠራ ከቅመሙ ይልቅ የምጨነቀው ለእሳቱ ነው። ጎድን ጅማትና ስብ ይበዛዋል። ውስጡ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በስሏል፤ ሊበላም ይችላል። ስታኝከው ግን ጎማ ነው። የሚለሰልሰው ውስጡ ቀስ እያለ ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ያኔ ጅማቱ ይቀልጥና ሥጋውን ያረጥበዋል። እሳት በማብዛት ይህን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም።

ዝግጅቱን የጀመርኩት ከማታው ነው። ከአጥንቱ ጀርባ ስስ ሽፋን አለ። አንዱን ጥግ በቢላ ጫፍ አነሳሁ። እጅ ላይ ስለሚያንሸራትት በደረቅ ሶፍት ያዝኩና ሳብኩት፤ ተያይዞ ተላጠ። ይህ ሽፋን የቱንም ያህል ቢበስል ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ቅመምም አያስገባም። ጨው አሽቼው ፍሪጅ ውስጥ አደረ።

በማግስቱ ቁንዶ በርበሬ፣ ፓፕሪካ፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ትንሽ ቡናማ ስኳር ቀባሁት። ኦቭኑን 135 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ ሳልሸፍን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተውኩት። ላዩ ጠቆር ሲል ሁለት ማንኪያ ውኃና ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጌበት በድርብ ፎይል አጥብቄ ጠቀለልኩት። ከዚያ ሌላ ሁለት ሰዓት።

መጀመሪያ ቀቅለው የሚጠብሱ አሉ። እኔ አልስማማም። ጣዕሙ ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ሾርባ ካልፈለጉ በቀር ለምን?

ቴርሞሜትር የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቁጥሩ ፍንክች አይልም። ከላዩ የሚተነው እርጥበት ሥጋውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ኦቭኑ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን ምንም አልሆነም። ፎይሉ ትነቱን ስለሚያግድ ቁጥሩ እንደገና መውጣት ይጀምራል።

መብሰሉን በሰዓት ብቻ አልለካም፤ ወፍራም ጎድን ከስሱ በጣም ይዘገያል። ፎይሉን ገለጥ አድርጌ ሳየው፣ ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሸሽቷል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ቀጭን ስንጥር ስሰካ ግን መሃል ላይ ያዝ አደረገኝ። መልሼ ጠቅልዬ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩለት። ሁለተኛ ስሰካው ሰተት ብሎ ገባ።

ሶሱ ቀላል ነው፦ የቲማቲም ድልህ፣ አቼቶ፣ ማር፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት። ፎይሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭማቂ ስቡን ገፍፌ ጨመርኩበትና እስኪወፍር አንተከተክኩት። ያ ጭማቂ የሥጋው ጣዕም ሁሉ ያለበት ስለሆነ በፍጹም እንዳትደፉት። ማር ቶሎ ስለሚያር ሶሱ የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው። ኦቭኑን 220 አድርሼ፣ ቀብቼ አምስት ደቂቃ፣ ደግሜ ቀብቼ ሌላ አምስት ደቂቃ። ላዩ ሲያብረቀርቅና ዳር ዳሩ መክሰል ሲጀምር አወጣሁት።

ወዲያው አልቆረጥኩትም። 15 ደቂቃ ያህል ካረፈ ጭማቂው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የተረፈውን ከትንሽ ሶስ ጋር በፎይል ጠቅልዬ ፍሪጅ አስገባሁ። ሲሞቅም በዚያው በፎይሉ፣ በዝግታ፣ 120 ዲግሪ ላይ ነው።