እግሩ አፈር ውስጥ የቀረው እንጉዳይ

ጫካ የገባነው ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ጠዋት ነው፣ ስድስት ሆነን፣ ከፊት የሚመሩን ደግሞ እድሜ ልካቸውን እንጉዳይ ሲለዩ የኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ገና ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ ዛፍ ስር ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ በጣም የሚያምር እንጉዳይ አየሁና ቀጠፍ አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩትና «እግሩስ የታለ ልጄ?» አሉኝ። እግሩማ አፈር ውስጥ ቀርቷል።

ተመለስን። ዙሪያውን በቢላ ቀስ ብለው ፈልፍለው የቀረውን ሲያወጡት ከስሩ የተቀደደ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ስስ ነጭ ከረጢት አቅፎታል፣ በቃ ዋናውን ምልክት ነው ትቼው የመጣሁት! ከዛ ቆቡን ገልብጠው አሳዩኝ፣ እንደ መፅሐፍ ገፅ የተደረደሩት ቅጠሎች ነጭ ናቸው፣ ግንዱን አይነኩትም፣ ግንዱ ላይ ደግሞ እንደ ቀሚስ የተንጠለጠለ ቀለበት አለ። እነዚህ አንድ ላይ ከታዩ አማኒታ የሚባለው የእንጉዳይ ወገን ነው ብለህ ጠርጥር አሉኝ። ጉበት የሚጨርሰው አማኒታ ፋሎይደስ ከዚሁ ወገን ነው፣ መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም፣ ህመሙ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሚጀምር በልቼ ምንም አልሆንኩም ብሎ መረጋጋት አይቻልም።

ብዙዎቹ ዝርያዎቹ የሚበሉት አጋሪከስ የሚባለው እንጉዳይ ከሩቅ አማኒታን ይመስላል፣ የሱ ቅጠሎች ግን እያደገ ሲሄድ ከሮዝ ወደ ቸኮሌት ቡኒ ይቀየራሉ፣ ከረጢትም የለውም። (እሱም ውስጥ ግንዱ ከስር ሲቆረጥ ቢጫ የሚሆንና መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ሆድ የሚያውክ አለ።)

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ሩሱላ የሚባለው እንጉዳይ ነው፣ ግንዱን ሲሰብሩት ክር ሳያወጣ እንደ ጠመኔ ቀጭ ይላል። ላክታሪየስ የሚባለው ደግሞ ቅጠሉን በጥፍሬ ስነካው ወተት አንጠባጠበ፣ ጣቴ ላይ ቆይቶ ተጣበቀ።

ማታ የኔን ቆብና አንድ የአጋሪከስ ቆብ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍተን ብርጭቆ ከደንንባቸው። ወረቀቱን ሁለት ቀለም ያደረግነው ነጭ ስፖር (ከቅጠሎቹ የሚረግፈው የእንጉዳይ ዘር) ነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ጠዋት ስናነሳው የአጋሪከሱ ስፖር በሁለቱም በኩል ጥቁር ቡኒ ሆኖ አርፏል፣ የኔ ግን በነጩ በኩል ምንም የለም፣ በጥቁሩ በኩል ከመሀል ወደ ዳር የተሰመረ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ ነጭ በነጭ።