ያልሸጡት ጀበና

ጎንደር የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የአፄ ፋሲልን ግቢ ነው። እኔም ዛሬ ከባሕር ዳር የመጣውን የአጎቴን ልጅ ይዤው ገባሁ። ግንቡን እየዳሰሰ «ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» አለ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ጎንደርን ካነጿት ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ቡዳ ናቸው እየተባለ የሚፈሩ፣ ብዙዎቹም ርስት ያልነበራቸው ሰዎች። በግንቡ እንኮራለን፤ ግንበኛውን ሸሽተነው ኖረናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ሹክሹክታው ከየቤታችን አልወጣም።

ከግቢው ወጥተን ቅዳሜ ገበያ ሄድን። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ጀበናና ድስት ደርድረው ተቀምጠዋል። የአጎቴ ልጅ አንዱን ጀበና ሲያነሣ ተቀበሉትና በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩት። ድምፁ የታፈነ ነበር።

«ይህስ አይሆንህም ልጄ፤ ውስጡ ተሰንጥቋል።»

«ግድ የለም እናቴ፣ ለጌጥ ነው የምፈልገው።»

«ለጌጥም ቢሆን ከእኔ እጅ የወጣ ነው» ብለው ከኋላቸው አስቀመጡት። ሌላ አንሥተው ቆረቆሩ፤ ይኸኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። ከፍሎ «መልሱ ይቅር» ሲላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ዋጋ ተነጋግረን የለም እንዴ?» አሉና መልሱን ቆጥረው በእጁ አስያዙት።

እርሱ በቅንነት ነበር ያደረገው። ነገር ግን ሳንጠየቅ የምናዝንለት ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛ በታች አድርገን ያስቀመጥነው ሰው ነው። እኚህ እናት ያቀረቡት ሸክላ ነው፤ የጠየቁት የሸክላውን ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ መስጠት ውለታ የሚመስለው ለሰጪው ብቻ ነው።

ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ማየት ለሚችል ሰው አዘኔታው ራሱ ወደ አክብሮት ይለወጣል። አፈሩ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ይደቃል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። ጀበናው በእጅ ብቻ ይታነጽና በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ጥቂት እርጥበት ከቀረበት ይፈነዳል፤ የስንት ቀን ድካም በአንድ እሳት ገል ይሆናል። «ያን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። ገሉን ለቅመው፣ ወቅጠው ከአዲሱ ጭቃ ጋር እንደሚያቦኩት ነገሩኝ። «ገል ያልገባበት ጭቃ እሳት አይችልም» አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ እሮሮ አልነበረም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

አመሻሽ ላይ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ጀበናቸውን በደስታ ገዛን፤ ቡናችንን እናፈላበታለን። ታናሽ ወንድሜ የእኚህን እናት ልጅ ላግባ ቢል ግን ቤታችን ሽማግሌ ይልካል ወይስ ዘር መቁጠር ይጀምራል? እኔ ይላክ ባይ ነኝ። ነገ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ጥያቄውን ለእናቴና ለአጎቶቼ ሳላለሳልስ አነሣዋለሁ።