ማይክ ፊት መናገር እየተማርኩ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ቤት ለቤት ስዞር ወሬ አያልቅብኝም። ማይክ ሲደቀንብኝ ግን አፌ ይተሳሰራል። ይህን ለማስተካከል ቆርጬ ከተነሳሁ አራት ወር ሆነኝ። እንደኔ ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር «በይ አንቺ ተናገሪ» ለምትባሉ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ስህተት ነው። ስለ ደንጌ ትኩሳት ለቴሌቪዥን ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። የተላለፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የደንጌ ትንኝ የምትናከሰው ቀን ስለሆነ የማታ አጎበር ብዙም አይረዳም።» ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ትንኟ የምትበረታው ጠዋትና ወደ ማምሻው ላይ ነው። ግን ቀጥዬ «ለወባ ስለሚያስፈልግ አጎበሩን እንዳትተዉ» ብዬ ነበር። እሱ ተቆርጦ ቀረ። በሳምንቱ አንዲት እናት ቤት ስገባ አጎበሩ ተጣጥፎ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። «አንቺው አይደለሽ እንዴ አይጠቅምም ያልሽው?» አለችኝ። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሏት። ደነገጥኩ። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁና አብረን መልሰን ሰቀልነው።

ጋዜጠኛውን አልወቅስም። አጭር ዜና ውስጥ ለእኔ የሚደርሰኝ ጥቂት ሰከንድ ነው። የትኛው ጥቂት ሰከንድ እንደሚመረጥ ደግሞ አላውቅም። ስለዚህ አሁን ዋናው ልምምዴ፣ ለብቻው ተቆርጦ ቢወጣ ማንንም የማይጎዳ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ያንን የአጎበር ጉዳይ ስንቴ ጽፌ እንደሰረዝኩት! መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ «ማታ በአጎበር ተኙ፤ በርሜላችሁን ሁሌም ክደኑ።» ከመሃል ቢቆርጡት እንኳ ሁለቱም ግማሽ ይጠቅማል። ድሬ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም እንደ ደንጌዋ በተጠራቀመ ውሃ ስለምትራባ፣ በርሜል መክደን ለሁለቱም ነው።

ማታ ማታ እህቴ ጋዜጠኛ ትሆንና ትጠይቀኛለች፤ በስልክ እንቀዳዋለን። የመጀመሪያውን ቅጂ ስሰማ በአራት ደቂቃ ውስጥ «ማለት ነው» የሚለውን 23 ጊዜ ብያለሁ። መግቢያውን ደግሞ «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ» በልቶታል። አሁን ምስጋናውን ከቀረጻው በፊት እጨርሳለሁ። «ማለት ነው» ሲመጣብኝ አፌን እዘጋለሁ። ዝምታው ለእኔ ረጅም ነው፣ ለሚሰማው ግን አይታወቅም። አሁን አምስት ስድስት ላይ ደርሻለሁ።

ቅጂውን ለአያቴ አሰማታለሁ። ከዚያ «ምን አልኩ?» እላታለሁ። «የመራቢያ ሥፍራዎችን ማስወገድ» ያልኩ ጊዜ፣ «የሆነ ነገር አስወግዱ አልሽ» አለችኝ። ስለዚህ ቃሉን ጣልኩት። «በርሜሉን በሳምንት አንዴ ደፍታችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት» ስላት ሳትሳሳት መለሰችልኝ። ለምን እንደሚፈተግም እነግራታለሁ፦ የደንጌ ትንኝ እንቁላል ከበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ሳይሞት ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «አታጠራቅሙ» ማለት ደግሞ ሰውን ማናደድ ነው። ክደኑ እንጂ አታጠራቅሙ አልልም።

ለሬዲዮ ሌላ ነገር ተማርኩ። እዚህ ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ ከባድ ነው፤ ግን ድምፁ ማይኩ ውስጥ እንደ ንፋስ ይገባል። አሁን ሲቀዱኝ አጠፋዋለሁ፣ ላቤን እየጠረግኩም ቢሆን እናገራለሁ። ባለፈው ደግሞ ቢሮ ከመቀመጥ ጋዜጠኛዋን አንድ ግቢ ይዣት ሄድኩ። የስልኬን መብራት በርሜሉ ውስጥ ሳበራ እጮቹ እየተጠማዘዙ ወደ ታች ሰመጡ። «እየሸሹ ነው እኮ!» አለች። ያቺ ድምጿ ነች የተላለፈችው። እኔ ብናገረው እንደዚያ አይሆንም ነበር።

አሁንም የሚከብደኝ የቁጥር ጥያቄ ነው። «ስንት ሰው ታመመ?» ሲሉኝ በግምት ልመልስ ይቃጣኛል። «ቁጥሩን ጤና ቢሮ ይሰጣችኋል፤ እኔ በየቤቱ ያየሁትን ልንገራችሁ» ማለትን እየለመድኩ ነው። ደንጌ ከተማችንን በ2006 ዓ.ም ሲያጠቃ ወሬው ከሕመሙ ቀድሞ ይሮጥ እንደነበር የሚያስታውስ ያውቃል፤ የእኔ ግምት በዚያ ላይ እንዲጨመር አልፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት የቀጥታ ስርጭት አለብኝ፣ አድማጭ እየደወለ የሚጠይቅበት። ስለ ማስታገሻ መጠየቄ አይቀርም። ደንጌ ላይ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ መከልከል አለብኝ። ግን ስማቸውን ብጠራ፣ ግማሹን የሰማ ሰው ሄዶ እንዳይገዛቸው እፈራለሁ። እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ «ትኩሳት ካለ ፓራሲታሞል ብቻ፤ ሌላ ማስታገሻ ሳትመረመሩ አትዋጡ።» ከዚህ የተሻለ ያላችሁ እስከ ማክሰኞ ላኩልኝ። አያቴ ላይ እሞክረዋለሁ።