የጋሼ 17 ቁጥር

ጋሼ የደወሉልኝ ጥር ላይ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በበረዶ ተሸፍናለች፤ እኔ የማታ ፈረቃዬን ጨርሼ ልተኛ ነው። «ልጄ፣ ናና ውሰዳት። ጣቶቼ እምቢ ብለውኛል» አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የጊታራቸውን ፕሪአምፕ ነው።

ጋሼ በዋሽንግተንና ዙሪያዋ ከሃያ ዓመት በላይ በየሠርጉ ጊታር ተጫውተዋል። ቀን ታክሲ፣ ማታ ጊታር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ለሥራ መጥቶ ገሚሱ እዚሁ ከቀረ ወዲህ፣ በዚህ ከተማ እንደሳቸው የኖረ ሙዚቀኛ ብዙ ነው።

ፕሪአምፗ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ናት። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ የድሮ ቪዲዮ ዴክ የምትመስል። ከጊታር የሚወጣው ሲግናል ብቻውን እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚያጎላውና ቀለም የሚሰጠው ፕሪአምፕ ነው። ይቺኛዋ ሁለት ቲዩብ፣ እንደ አምፖል የሚግሉ የድሮ የመስታወት ማጉያዎች፣ አላት። ኮምፒውተር ቢጤም ስላላት 128 ዓይነት ድምፅ በቁጥር ትይዛለች። የጋሼ የትዝታ ድምፅ 17 ቁጥር ላይ ናት። ሙሽሮቹ ሲገቡ አይነኳትም። መሸት ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ክራባታቸውን ሲያላሉ ነው የሚከፍቷት።

«አንዳንዴ አልነሳም ትላለች። ታገሣት» ብለው ሰጡኝ።

ቤቴ ቤዝመንት ነው፣ ብርድ አለው። ማብሪያዋን ስጫን ቲዩቦቹ ቀስ ብለው ቀሉ። የቁጥሯ መስኮት ግን የተቆራረጠ ስምንት ይዞ ቀረ። ቁልፉን ብጫን አትሰማም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሰባት ስምንት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ተነሳች። 17 ላይ ገብቼ አንድ ክር መታሁ። የስንት ሠርግ ማታ መጣብኝ።

ጥገና ቤት ወሰድኳት። ልጁ ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት «የሜሞሪ ባትሪዋ ነው። እሱን ነቅለን ሪሴት እናድርጋት» አለኝ። ሪሴት ማለት የጋሼ ድምፆች ሁሉ ጠፉ ማለት ነው። አቅፌያት ወጣሁ።

ደሴ ሳለሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት የስታኞ ጭስ አሽትቻለሁ። ጌታዬ ሁልጊዜ «መጀመሪያ መብራቱን ጠይቅ» ይል ነበር። ዕቃው የሚፈልገው ቮልት ሳይደርሰው ሌላውን አትጠርጥር ማለቱ ነው። እኔ ግን ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ደብተር አነሳሁ። በተነሳችልኝ ሰዓት ጋሼ የሚጠቀሙባቸውን 23 ድምፆች፣ ጌይኑን፣ ቤዙን፣ ትሬብሉን፣ ኮረሱን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

ከዚያ ከፈትኳት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቲዩብ ያለው ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ይገድላል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር አራግፉ፣ በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ንኩ።

ኮምፒውተሯ የምትፈልገው 5 ቮልት ነው። ብለካው 4.4። ይህን ቮልት የሚያወጣው 7805 የሚባለው ሬጉሌተር ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱ 7 ቮልት ገደማ ካልገባለት በትክክል አይሠራም። ከፊቱ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ደርቋል። እዚህ አገር መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ፣ የሚገባው ቮልት በሰከንድ 120 ጊዜ ይወርዳል። ካፓሲተሩ ያን ጉድጓድ መሙላት አቅቶታል። ኮምፒውተሯ ልትነሳ ስትል መሬቱ ይከዳታል።

ታዲያ ስምንተኛው ላይ ለምን ትነሳለች? ያረጀ ካፓሲተር በብርድ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እርግጠኛ ለመሆን፣ ገመዷን ነቅዬ የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካፓሲተሩ ላይ ነፋሁበት። ሰካኋት። በመጀመሪያው ተነሳች! ብቻዬን ጮህኩ፤ ባለቤቴ ደንግጣ ወረደች።

አዲሱ ካፓሲተር ከ5 ዶላር አይበልጥም። ነባሩ 16 ቮልት የሚችል ነበር፤ ባለ 25 ቮልትና 105 ዲግሪ የሚችል ተካሁ። 5ቱ ቮልት ሞላ።

የሜሞሪው ባትሪም በእርግጥ ደክሟል፤ 2.7 ቮልት ነበር። እሱን ከመንቀሌ በፊት፣ ድምፆቹ እንዳይጠፉ ሁለት ባትሪ ድንጋይ አያይዤ፣ አንዱ ሌላውን ቻርጅ እንዳያደርግ ዳዮድ አስገብቼ፣ ጎን ለጎን አሰርኩለት። ካውያው ሲነካው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ገባ። አበራሁ። 17 እንዳለች ናት።

ለጋሼ ደወልኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ትዝታን ጀመርኩ። አንድ ዙር እስክጨርስ ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ ልጄ። ትሬብሉን ትንሽ ቀንሰው። ያ ለአዳራሽ ነበር፤ ያንተ ቤት ጠባብ ነው።»

ቀነስኩ።

«እ፣ አሁን ድገመው። ግን የኔ 17 ላይ ደርበህ እንዳታስቀምጠው። 18 ላይ ያንተን አድርግ።»