በኪራይ ቤት፣ ከደባል ጋር እየኖሩ ውሻ ማሳደግ

ከሁሉ በፊት የአከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። «ችግር የለም፣ አምጡት» የሚል የቃል ፈቃድ ጎረቤት ስሞታ ይዞ የመጣ ወይም ቤቱ የተሸጠ ዕለት አያድንም። ውሉ ስለ እንስሳ ምንም ካላለ አንድ አንቀጽ አስጨምሩና ተፈራረሙበት፦ ስንት ውሻ፣ ሲያድግ ምን ያህል የሚመዝን፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳድስ፣ ከማስያዣው ላይ ምን ሊቆረጥ እንደሚችል። ውሻው ሳይገባ ወለሉንና በሮቹን ቀኑ የሚታይ ፎቶ አንሱ። በተለይ የመውጫውን በር ከውስጥ በኩል፣ ከታች፤ ብቻውን የቀረ ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚቧጭረው እሱን ነው።

ከደባሎች ጋር ደግሞ «የሁላችን ውሻ» የሚባል ነገር አይኑር። የሁሉም የሆነ ውሻ ሲታመም ከፋይ ይጠፋል፣ ኪራዩ አልቆ ሁሉም በየፊናው ሲሄድ ወይ ይጣሉበታል ወይ ማንም አይወስደውም። ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፤ የክትባት ካርዱ በእሱ ስም ይውጣ፣ ወጪውንም እሱ ይቻል። ከደባሎቹ አንዱ እንኳ «አልፈልግም» ካለ ነገሩ እዚያው ይቁም፤ ተለማምጠው ያስገቡት ውሻ ኑሮው አያምርም። አለርጂ ያለበት ካለ ውሻው ቤት ከመግባቱ በፊት ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ያሳልፍ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ከቆዳው የሚረግፈው ብናኝና ምራቁ ስለሆነ ፀጉረ አጭር መምረጥ ብቻውን አይፈታውም።

ሁሉም ቀኑን ሥራ የሚውልበት ቤት ቡችላ ባይገባ እመርጣለሁ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዝም፣ ሌሊትም መነሳት አለ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ጥርሱን ሲቀይር የአከራዩን ወንበር እግር ያኝካል። ጠባዩ የታወቀ፣ ያደገ ውሻ ለተከራይ በብዙ ይቀላል።

ተከራይን ከቤት የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ጩኸት ነው። ስለዚህ ብቻውን መቆየትን ከመጀመሪያው ሳምንት አስተምሩት። ጫማ አድርጋችሁ፣ ቁልፍ ይዛችሁ ውጡ፤ በሩን ዝጉና ሳያላዝን፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ተመለሱ። ስትገቡ ሆይ ሆይታ አታብዙ። ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ አምስት፤ መሀል ላይ አጭር ጣል እያደረጋችሁ። ማላዘን ከጀመረ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ በሰላም ወደቆየበት ደቂቃ ተመለሱ። ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ቤት ተዉት፤ ጩኸት ብቻ ሳይሆን ማለክለክና በር ሥር መንጎራደድም ጭንቀት ነው። ጭንቀቱ የሚበረታው ከወጣችሁ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ አርባ ደቂቃ ተረጋግቶ መቆየት ከቻለ በኋላ ጊዜውን ማርዘም ይፈጥናል። ደባሎች ሁሉ ይህን ይወቁ፤ ውሻው ሲያላዝን አንዱ ሮጦ ከከፈተለት ልፋቱ ከንቱ ነው።

ቤት ውስጥ ከሸና በጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡት እንጂ አትሹት። ከዚያ ኢንዛይም ያለው (የሽንቱን ሽታ ከሥሩ የሚያጠፋ) ማጽጃ አርከፍክፉና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ተዉት። ሽታው ካልጠፋ እዚያው ይደግማል። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተዋህዶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በጋራ ወጥ ቤት ደግሞ ለውሻ የማይሰጠውን የማያውቅ እንግዳ ጭምር ይገባል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዛይሊቶል (የስኳር ምትክ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ይህን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ፤ የቆሻሻ መጣያውም ክዳን ይኑረው። እዚያው ወረቀት ላይ የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ጨምሩ፣ ባለቤቱ ስልክ ባያነሳ ደባሉ ውሻውን ይዞ ሄዶ እስከ ስንት ገንዘብ ማሳከም እንደሚችልም ይጻፍ።