የኤቭሊን ዊትኪን 4 ኮሎኒዎች

ዛሬ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚጠገን ሳስተምር ዋልኩ። ለተማሪዎቼ ስለ ጄኔቲክስ ተመራማሪዋ ኤቭሊን ዊትኪን ነገርኳቸው።

ኒውዮርክ ውስጥ ተማሪ ሳለች ዩኒቨርሲቲዋ አንድ ጥቁር ተጫዋች እንዳይሰለፍ ማድረጉን ተቃወመች። ታገደች። ከምረቃ በኋላ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

በ1944 እ.ኤ.አ. ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላብራቶሪ ገብታ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎችን በአልትራቫዮሌት ጨረር መታቻቸው። ጨረሩ በዝቶ ከ4 ኮሎኒ (አብረው ካደጉ የባክቴሪያ ክምችቶች) በቀር ሁሉም አለቁ። ብዙ ሰው ሳህኑን ጥሎ በትንሽ ጨረር ይደግም ነበር። እሷ ግን እነዚህ ለምን ተረፉ ብላ ያዘቻቸው። ጨረር የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ! ይሄን ባወራሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

ከዓመታት ጥናት በኋላ፣ ዲኤንኤው የተጎዳ ባክቴሪያ ጉዳቱን ለመጠገን ብዙ ጂኖችን ባንዴ እንደሚቀሰቅስ አሳየች። ሌላው ተመራማሪ ሚሮስላቭ ራድማንም እዚሁ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ምላሽ በድረሱልኝ ጥሪው ስም ኤስኦኤስ ያለውም እሱ ነው። ሴሉ ይተርፋል፣ ግን አንዳንዴ ሙቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ይዞ።

አንዷ ተማሪዬ ይህ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ከመላመዳቸው ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ይያያዛል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ስለሚጎዳ ይህን ምላሽ ሊቀሰቅስ ይችላል። በጣም ነው የኮራሁባት።

ዊትኪን ላስከር የተባለውን ትልቅ የሕክምና ምርምር ሽልማት ያገኘችው በ2015 ነው፣ በ94 ዓመቷ። በጣም ዘግይቷል።